ማን እንደሞተበት ሳናውቅ ከተራራ ወረድን

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ቁጭ ብላችሁ ወደ መካነ ሰላም የመሄድ ሐሳብ ጨርሶ ለሌላችሁ ወዳጆቼ ነው። ከተመለስኩ ሰነባብቻለሁ፤ ድንጋጤው ግን አልለቀቀኝም። ሰው ምን አየሽ ሲለኝ ብርዱን አውርቼ አልፋለሁ። እዚህ ግን ከብርዱ ጀምሬ ሁሉንም ልናገር።

ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ ከወጣቶች ጋር የምሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። የጠሩኝ ተማሪዎችን ተራራ አውጥተው፣ በድንኳን እያሳደሩ፣ ደኑንና አውሬውን እያሳዩ የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ በጦርነቱ ትምህርት ያቋረጡ፣ አንዳንዶቹም ሰው የሞተባቸው ነበሩ። «ልጆቹን ተከታተይልን» ተባልኩ። ስለ ሠራተኞቹ ማንም አላነሳም፤ እኔም መጠየቅ አልታየኝም።

ሰኞ

እሑድ ደሴ ገብቼ አደርኩና ሰኞ በማለዳ መናኸሪያ ወረድኩ። ድሬ ላይ በዚያ ሰዓት መናኸሪያ የቆመ ሰው ጥላ ይፈልጋል። ደሴ ግን ሰው ሁሉ የፀሐይ ቁራጭ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ ይጠጋል። እኔ የቆላ ስስ ቀሚሳችንን ድሪያ ለብሼ፣ በነጠላ ጫማ ነበርኩ። ሹራቤም ጃኬቴም ሻንጣዬ ውስጥ ነው፤ ሻንጣዬን ደግሞ ጫኚው ወረኢሉ በሚሄደው አውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኖልኛል። ይህን ያወቅሁት የእኛ መኪና ከከተማ ወጥቶ የጉጉፍቱን ዳገት መውጣት ሲጀምር ነው። ረዳቱ ስልክ ደወለና «አብሽሪ፣ ሻንጣሽ ወረኢሉ ደህና ይገባል» አለኝ። እኔስ?

ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠች ዘሀራ የምትባል ነጋዴ አይታኝ ሳቀች። «አፉ በይኝ እህቴ፣ ግን እንዲህ ለብሶ ወደ አቀስታ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችና ከበግ ጸጉር የተሠራ ባናዋን አውልቃ ጠቀለለችኝ። ባለ ድሪያዋ ሴትዮ ከድሬ እንደመጣሁ ስትሰማ ደግሞ ለተሳፋሪው ሁሉ አወጀችው፤ ከኋላ ቆሎ መጣ፣ ከፊት ትኩስ ድንች መጣ። አቀስታ ስንደርስ በረዶ ይወርድ ነበር። ባናውን ልመልስላት ብል እጄን ገፋችው። «መካነ ሰላም ስትደርሺ ለረዳቱ ስጪው፤ ያመጣልኛል። እኔ ቤቴ ደርሻለሁ።» ድሬ ላይ ቢበዛ ቀዝቃዛ ውሃ እንሰጥ ነበር እንጂ ልብሳችንን አውልቀን አንሰጥም፤ አቦ፣ እውነቱን እንነጋገር።

መካነ ሰላም የተቀበሉኝ የፕሮግራሙ ኃላፊ ወይዘሮ አረጋሽ ናቸው፤ በጡረታ የወጡ አስተማሪ። ቤታቸው አሳደሩኝ። እግሬን በሙቅ ውሃ ሊያጥቡኝ ቁጭ ሲሉ በድሬኛዬ «ኧረ አንቺ ተይ!» ብዬ ጮህኩ። አገሩ ሁሉ አንቱ የሚላቸውን ሴት! እሳቸው እየሳቁ «ይሁን፣ እንደ ልጅነቴ ጠራሽኝ» አሉና አጠቡኝ። የልጃቸውን ቡት ጫማ በሁለት ካልሲ ሞልተው፣ ካፖርት ደርበው፣ ሰው አስመሰሉኝ።

ማክሰኞ

ሠላሳ የሚጠጉ ልጆች ይዘን ወደ ተራራው ወጣን። ግማሾቹ የመካነ ሰላም፣ የቀሩት የአቀስታና የዙሪያው ልጆች ናቸው። የሚመራን እንድሪስ ይባላል፤ ከአቀስታ ወጣ ካለች መንደር የመጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ብዙም ያልቆየ ቀጭን ልጅ ነው። ድንኳን ይተክላል፣ ይዘፍናል፣ የደከመውን ቦርሳ ይሸከማል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል። ለምግቡ አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ወጥ ቤት አሉ።

ልጆቹ «ሲስተር» ይሉኛል። ስለ ሐዘንና ስለ ፍርሃት ላወራ ተዘጋጅቼ ለሄድኩት ሴትዮ መጀመሪያ የቀረቡልኝ የተላጠ ተረከዝና የጥርስ ሕመም ናቸው። ነርስ አይደለሁም ብል ማን ሰምቶኝ። ኢክራም የምትባል የአቀስታ ልጅ፣ ምላሷ ስለት ነው፣ «ታዲያ መድኃኒት ካልሰጡ ምን ይሰጣሉ?» ብላ በሁሉም ፊት አፋጠጠችኝ። «እሰማለሁ» አልኳት። «መስማትማ አያቴም ይሰማሉ፤ ደግሞ በነጻ» አለች። ተሳቀብኝ። በሳቁ ግን ተግባባን።

ረቡዕ

ከጉዞው ሁሉ ደስ ያለኝ ቀን ይህ ነበር። ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል እንደ ሰው ተሰልፎ በቆመበት ሜዳ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ አየን፤ ድሬ ላይ ዝንጀሮ ሙዝ ነጣቂ ነው፣ የዚህኞቹ ግን ጨዋ ገበሬ ናቸው። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ብሩክ የሚባል ልጅ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። በጦርነቱ ጊዜ ከእናቱ ጋር እንዲህ ያለ ገደል ውስጥ ተደብቀው እንደነበር ኋላ ነገረን። እኔ የተማርኩትን ሁሉ ሳሰላስል እንድሪስ ቀድሞኝ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሳይነካው፣ ሳይጠይቀው፣ የትኛው ጭላዳ የቤቱ አለቃ እንደሆነ ዝም ብሎ ይገምት ጀመር። ብዙ ቆይተው ብሩክ «ያኛው አይደለም፣ ትልቁ ነው» አለና አብሮት ተነሳ።

«አንተስ እንዴት ነህ?» አልኩት ስንመለስ፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«እኔማ አብሽሩ፣ ደህና ነኝ» አለኝ። እኔም ደህና ነው ብዬ ተውኩት።

የስልክ ኔትወርክ ያለው ጋራው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። እንድሪስ አመሻሽ ላይ ወጥቶ ለወይዘሮ አረጋሽ የቀኑን ይነግርና እናቱንም ሰላም ብሎ ይወርዳል። በዚያን ቀን የእናቱ ስልክ አልሠራ ብሎት ቆይቶ ተመለሰ። ከድንኳኖቹ ራቅ አድርጎ ወሰደኝ።

«ከልጆቹ የአንዱ ቤት ሰው ሞቷል» አለኝ።

«የማን?»

«እሱን አልነገሩኝም። ‹ፊትህ አይችልም፣ ታስታውቅበታለህ› አሉኝ። ለብቻው ከጠራነው ይባንናል፤ ዝናብ ሊጥል ነው ብለህ ሁሉንም አውርዳቸው ነው ያሉኝ። እቤቱ ሲደርስ ሽማግሌዎች ይነግሩታል።»

ደነገጥኩ። መርዶ እኛም አገር አለ፤ ግን ድሬ ነገር በሆድ አይቆይም፣ አንዱ በስልክ ጮኾ ያፈነዳዋል። እዚህ በደንቡ ነው የሚሄደው። ሰው ከቤቱ ርቆ መርዶ አይረዳም፤ በልቶ፣ የሚይዘው ዘመድ ዙሪያውን ከብቦት ነው የሚሰማው። «መብቱ ነው፣ አሁን ማወቅ አለበት» አልኩ እንድሪስን። እሱም በለሆሳስ «ይሁን፤ ለማን ይነገር?» አለኝ።

ሐሙስ

ጠዋት እንድሪስ ልጆቹን ሰብስቦ ዝናብ ሊመጣ ስለሆነ እንወርዳለን አለ። ሠላሳው ልጅ በአንድ ላይ ወደ ላይ ቀና አለ። ሰማዩ የድሬ ሰማይ ነበር፤ አንዲት ደመና የለችበትም። ማንም አልተከራከረም። ለምን አልተከራከሩም? የእኔ ትልቁ ድንጋጤ ከዚህ ጀመረ። የዚህ አገር ልጅ ነው፤ አዋቂ ሰው ድንገት ድምፁን አለስልሶ «ወደ ቤት እንሂድ» ሲል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በዝምታ ወረድን። ከተራራው ሥር ቄስ ታምሩ የሚባሉ ካህን ግቢ እንድናድር ተነግሯቸው ቤታቸውን ለቀውልናል፤ እሳቸውና ባለቤታቸው ወደ ጎረቤት ወጥተው አልጋቸውን ለልጆቹ አንጥፈዋል። ከግቢው በር ላይ ሁለት በጎች ታስረው ጠበቁን። ወይዘሮ አረጋሽ የላኳቸው ናቸው፤ አንዱን አያ ይመር ለሙስሊሞቹ፣ ሌላውን የቄሱ ወንድም ለክርስቲያኖቹ ሊያርዱ። እስከዚያ ቀን የበላነው ሽሮና ድንች ነበር። ኢክራም በጎቹን አይታ እጄን ጨበጠችው።

«ሲስተር፣ የማን ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«አይደብቁኝ። ሊረዳ ያለ ሰው አስቀድሞ ይበላል። የማን ነው?»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለመናገር ይከብደኛል። ደግነት የሚያስፈራ ነገር መሆኑን በዕድሜዬ ያወቅሁት ያን ከሰዓት ነው። የቄሱ ባለቤት የአንዱን ልጅ ራስ ዳበስ ሲያደርጉ ልጁ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቄሱ ለአንዲቷ ወፍራም ጋቢ ሲያለብሱ ዓይኗ እንባ ሞላ። ማን የተሻለ ቦታ ተሰጠው፣ ማን በስሙ ተጠራ፣ ለማን ፈገግ ተባለ፤ ሁሉም ሁሉን ይቆጣጠራል። ብሩክ «አባቴን ልቡን ያመዋል» እያለ ለማንም ሳይሆን ለራሱ ያወራል። ሥጋው ቀረበ፤ እጁን የሰደደ የለም። እንድሪስ እንዲበሉ ብሎ ጉበቱን ቆረሰና ለኢክራም አጎረሳት። ልጅቷ ከአፏ አውጥታ ጣለችው፤ «የእኔ ነው! እናቴ ናት!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ወዲያው ሌላዋ ቀጠለች፣ ከዚያ ሌላው። አንድ ልጅን ከሐዘን ልንጋርድ ብለን ሐዘኑን ለሠላሳ ልጅ አከፋፈልነው። ሁሉም የራሱን ሰው ያለቅስ ጀመር።

ከቄሱ ግቢ በላይ ኔትወርክ የሚይዝ ኮሶ ዛፍ አለ። ሮጬ ሄጄ ለወይዘሮ አረጋሽ ደወልኩ። «የማን እንደሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ!» አልኩ፤ እርስዎ ማለቱን አልረሳሁም፣ ድምፄ ግን አክብሮት አልነበረበትም።

«ልጄ፣ አንቺ ትናገሪያለሽ። ሙያሽ ነው፤ አልፈርድብሽም።»

«ልጆቹ አውቀዋል። ሠላሳውም እያለቀሱ ነው፣ እያንዳንዱ የእኔ ነው ብሎ!»

ወይዘሮ አረጋሽ ማተብ ያሰሩ ክርስቲያን ናቸው፤ ግን እንደ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው «ያረቢ» አሉ። «ሁሉም? ይህንንማ አላሰብኩትም። እስኪነጋ ያዙልኝ። እንድሪስንም አይዞህ በይልኝ።» ዘጉት።

እንድሪስን ከቤቱ ጓሮ ግንብ ተደግፎ አገኘሁት። «ዋሸኋቸው፣ ዝናብ አልኳቸው። ከእንግዲህ የምነግራቸውን ያምናሉ?» አለኝ። ምን እናድርግ ተባባልን። የምናውቃትን ያህል እንንገራቸው አልኩት። ፈራ፤ ኋላ ግን ተነሳና ልጆቹን ግቢው መሐል ሰብስቦ አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«አዎ፣ የአንዳችን ቤት ሰው ሞቷል» አላቸው። «የማን እንደሆነ ወላሂ አላውቅም። ዝናብ ብዬ ስለዋሸኋችሁ አፉ በሉኝ። የማንም ቢሆን ግን ብቻውን ቤቱ አይገባም። እኔ አብሬው እገባለሁ።»

ልቅሶው ወዲያው አልቆመም። ግን ተጠጋግተው ተቀመጡ። ብሩክ ኢክራምን «የእኔ ከሆነ ትመጫለሽ?» አላት። «እመጣለሁ፤ የእኔ ከሆነስ?» አለችው። እንዲህ እየተጠያየቁ ቆይተው ጥቂት ጥቂት በሉ። እንድሪስ ራሱ አልቀመሰም።

ዓርብ

አውቶቡሱ በጠዋት መጣ። መካነ ሰላም መግቢያ ላይ ወላጆች ቆመው ነበር። እናትና አባቱን በመስኮት ያየ ልጅ እየጮኸ ይወርዳል፤ የብሩክ አባት ልባቸውን ይዘው በእግራቸው ቆመው ሲያዩት እንባቸው ወረደ። እንድሪስ እንደ ቃሉ ከእያንዳንዱ ጋር ይወርዳል፣ ወላጁን ጨብጦ ይመለሳል። እኔን ያስደነገጠኝ የቀሩት ፊት ነው። አንዱ እፎይ ባለ ቁጥር የቀሩት ላይ ድርሻው ይከብዳል። የመካነ ሰላም ልጆች ወርደው ሲያልቁ ሐዘኑ ለአቀስታ ልጆች ብቻ ተረፈ። ልጆቹ ቁጥራቸውን እያዩ ወንበራቸው ላይ ኩምትር አሉ።

ወይዘሮ አረጋሽ ተሳፈሩና እንድሪስ አጠገብ ተቀመጡ። ስለ ድካሙ ሊያመሰግኑት መስሎኝ ነበር። ብርቱካን ልጠው ሰጡት፤ ተቀብሎ ለኢክራም አቀበላት። መንገዱን ሁሉ ኢክራምን ነው የሚያየው። እኔም እሷን ነው የማየው። የሚይዟት ሁለት ጓደኞች ግራና ቀኝ አስቀምጬ፣ ውሃ አዘጋጅቼ፣ ምን እንደምላት በልቤ እየደጋገምኩ ነበር።

አቀስታ ልንገባ ስንል ከመንገዱ ዳር ሽማግሌዎች ቆመው አየን፤ ጥምጣም ያደረጉ ሸሆች፣ ከእነሱ ጋር መስቀል የያዙ ቄስ። ሹፌሩ ሳይነገረው አቆመ። ኢክራም የጓደኞቿን እጅ ጨበጠች። እንድሪስ ብድግ ብሎ በሩ ላይ ተንጠለጠለ፤ ልጆቹን በጀርባው ጋርዶ፣ «እባካችሁ አባቶች» አላቸው፤ «መጀመሪያ የማን እንደሆነ ለእኔ ንገሩኝ፤ እኔ ልንገራት።»

አንደኛው ሸህ ክንዱን ያዙት። ሌላው ሌላኛውን ክንዱን ያዙ። ከኋላ ወይዘሮ አረጋሽ ወገቡን አቀፉት።

«የኔ ልጅ» አሉ ሸሁ፤ «እናትህ ናት።»

ከኋላዬ ከልጆቹ አንዱ እፎይ ሲል ሰማሁ። ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም፤ እኔም በዚያች ቅጽበት እፎይ ብዬ ነበርና። ከዚያ ምን እንደሰማሁ ገባኝ። ሠላሳ ልጅ ስጠብቅ፣ ይሄ ልጅ ከሠላሳው ውጭ ነበር።

ወይዘሮ አረጋሽን አምባረቅሁባቸው። መንገድ ላይ፣ በሽማግሌዎች ፊት። «የእሱ ሐዘን ሆኖ ነው እሱን ጠባቂ ያደረጉት?» እሳቸውም እያለቀሱ፣ «ያንተ ነው ብዬ ብነግረው ያ ገደል ላይ ማን ይይዘው ነበር? ልጆቹንስ ማን ያወርዳቸዋል? የልጆቹ ነው ካልኩት ይበረታል ብዬ ነው» አሉኝ። በርትቷል እኮ። ያ ነው ያስደነገጠኝ።

የአቀስታ ልጆች ቤታቸው አልሄዱም። እንድሪስን ከበው፣ ኢክራም እጁን ይዛ፣ እስከ መንደሩ በእግር ሄድን። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ሴቶቹ ሲያዩት ጮኹ። እሱ ግን አላለቀሰም። ተቀመጥ ሲሉት ተቀመጠ፣ ውሃ ሲሰጡት ያዘው፣ አልጠጣም። ሽማግሌዎቹ «አልቅስ ልጄ፣ ይውጣልህ» ይላሉ፤ ዓይኑ ደረቅ ሆኖ መሬት ያያል። ልጆቹ ፈሩ። እኔም ፈራሁ። ፊቱ ላይ የማየው ሐዘን ብቻ አልነበረም። አጠገቡ ተንበርክኬ ተጠጋሁ።

«ሲስተር» አለኝ በሹክሹክታ፤ «እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«ምን አልክ?»

«ረቡዕ፣ እትዬ አረጋሽ ከነገሩኝ በኋላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መግሪብ ሰገድኩ። ያ አላህ፣ ከእነዚህ ልጆች ላይ አታድርገው፣ የግድ ከሆነ በእኔ ይሁን ብዬ ዱአ አደረግሁ። ሰማኝ።»

ይህን ስሰማ የሆንኩትን መጻፍ አልችልም። ብድግ ብዬ ድንኳኑን ሁሉ ጸጥ አሰኘሁት። «እናቱ መቼ ነው የሞቱት?» አልኩ። ሰው እርስ በእርሱ ተያየ። «አሁን ይህ ምን ይሠራል?» አለ አንዱ። ወይዘሮ አረጋሽ መሬት መሬት ያያሉ። «በአላህ! መቼ እንደሞቱ ለልጁ ይንገሩት!» አልኩ።

ክንዱን ይዘውት የነበሩት ሸህ ቀና አሉ። «ረቡዕ ጎህ ሲቀድ» አሉ። «ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙሁር በፊት ቀበርናት።»

እንድሪስ አንገቱን አነሳ። «ከዙሁር በፊት?»

«አዎ የኔ ልጅ፤ ከዙሁር በፊት። እኔ ነኝ ያሰገድኩባት። አንተ ገና ምንም አልሰማህም።»

«ከመግሪብ በፊት ማለት ነው?»

«ከመግሪብማ እጅግ በፊት» አሉ ሸሁ፤ ለምን እንደሚጠይቅ አልገባቸውም።

እንድሪስ ወደ እኔ ዞረ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁለት። «ከዙሁር በፊት» አለ እንደገና ለራሱ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ «ወይኔ እናቴን!» ብሎ ጮኸ። ኢክራምና ልጆቹ ተሻምተው ያዙት።